የሁልዳ ፈንድ ሁለተኛው ፊርማ

ሃልቫርድ ስካር ሞተው የተገኙት በገዛ ሳሎናቸው፣ ከድንጋይ ምድጃቸው ሥር ነው። ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው ነበረች። ሌሊቱን በረዶና ዝናብ ተደባልቆ ሲወርድ ነው ያደረው። ጠዋት ላይ የሃልቫርድ ደጅ ሳይጠረግ ስታይ «ሃልቫርድ ደጁን ካልጠረገ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል» አለችና ሄደች። የፈራችው ደረሰ።

ሄልቪካ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ኖርዌይ ውስጥ እንደ እሷ ያለው ሞልቷል፦ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካ፣ ሁሉን የሚያውቅና ምንም የማይናገር ሕዝብ። ኢንስፔክተር ቶራ ሄስታድ እዚያው ተወልዳ እዚያው ፖሊስ ሆናለች። የሰከረ ገላግላለች፣ የጠፋ ጀልባ ፈልጋለች። የተገደለ ሰው ግን በሥራ ዘመኗ አይታ አታውቅም። ያውም ካፒቴን ሃልቫርድን! በልጅነቷ ዋና ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ።

በጫማዋ ላይ የላስቲክ ሽፋን አጥልቃ ገባች። መሳቢያዎቹ ሁሉ ተዘርግፈዋል። የበረንዳው በር መስታወት ተሰብሮ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ፈሷል። ነጣ ያለው የጥድ ወለል ከተበተነው ዕቃ በቀር ጥርት ብሎ የታጠበ ነው።

«ሌባ ነው» አለ ባልደረባዋ ዮስታይን። ዮስታይን ቸኩሎ የሚደመድም፣ ሲሳሳትም የማያፍር ሰው ነው። «በበረንዳ ሰብሮ ገባ። ሽማግሌው ድምፅ ሰምተው መጡ። ገፈተራቸው፣ ጭንቅላታቸው የምድጃውን ጠርዝ አገኘው። የብር ሻማ ማቆሚያቸው የለም።»

«ይኼ ደምስ?» ቶራ ከሬሳው ርቆ፣ ከበረንዳው በር እስከ መሳቢያዎቹ ድረስ እዚህም እዚያም የታየውን ትንንሽ ቀይ ምልክት አሳየችው።

«የሌባው ነዋ! በመስታወቱ እጁን ቆርጧል።»

«ጠብ ጠብ ያለ አይመስልም። በጨርቅ የተዳበሰ ነው የሚመስለው።»

«ሊጠርገው ሞክሮ ይሆናላ።»

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ተነሥቶ ጓንቱን አወለቀ። «ወዲያው አልሞቱም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ቢኖር ይተርፉ ነበር።»

ደሙን ለምርመራ ወደ ኦስሎ ላኩት፤ መልሱ ቀናት ይፈጃል።

*

ከግቢው በር ላይ የጠበቀቻት ቄስ ጉድሩን ነበረች። የከተማዋ ቄስ ከሆነች ወዲህ ግማሹን ሰው ያጋባችው፣ ግማሹን የቀበረችው እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«ቶራ፣ በዚህ ሰዓት መናገር ነውር ነው፤ ግን ካልነገርኩሽ አንድ ልጅ ይጎዳል።»

«ተናገሪ።»

ነገሩ የሁልዳ ፈንድ ነው። ሁልዳ የምትባል የመርከብ ባለቤት መበለት ድሮ ስትሞት፣ ከሄልቪካ ልጆች አንድ አንድ እየተመረጠ ባሕር ማዶ ተምሮ እንዲመጣ ብላ ያቆመችው የትምህርት ዕድል ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሊቀ መንበሩ ሃልቫርድ፣ ቄስ ጉድሩን፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር አርንስታይን ሎደመል።

«ዘንድሮ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሁለት ናቸው» አለች ጉድሩን። «የአርንስታይን የልጅ ልጅ ማሬንና ቪዳር ኔሰ። አርንስታይን ዘመድ ስለሆነ ከስብሰባው ወጣ። እኔና ሃልቫርድ ቪዳርን መረጥን። ውጤቱ ዛሬ ማታ በአዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ነበር የሚነገረው፤ እስከዚያ ከእኔና ከሃልቫርድ በቀር የሚያውቀው የለም።»

«እና የሚጎዳው ልጅ?»

«ቪዳር ነዋ። ጃፓን አንድ የእንጨት ጀልባ ሥራ ትምህርት ቤት ተቀብሎታል። ወጪው እንደሚሸፈን ማረጋገጫ እስከ ነገ እኩለ ቀን ካልደረሳቸው ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ለምኜአቸው ነበር፤ በቀጠሮ አይቀልዱም። ማረጋገጫው የሁለት አባላት ፊርማ ይፈልጋል። ሃልቫርድ የለም። እንግዲህ የቀረነው እኔና አርንስታይን ነን።»

ዮስታይን ከኋላ እየተጣደፈ መጣ። «ቶራ! ጎረቤቲቱ ትናንት አመሻሽ ላይ ከዚህ ቤት እየሮጠ ሲወጣ ያየችው ሰው አለ።»

«ማን?»

«ቪዳር ኔሰ።»

ቄሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

*

ቪዳርን ያገኙት እናቱ በምትሠራበት የዓሣ ፋብሪካ፣ ቢላዋ ይዞ ዓሣ ሲበልት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅህን ምን ሆንክ?» አለችው ቶራ በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ።

«ቢላዋ ነው። ዓሣ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው እጁ ሳይቆረጥ አይከርምም።»

«ትናንት ሃልቫርድ ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

ልጁ ፋሻውን ማጥበቅ ጀመረ።

«ስትሮጥ ታይተሃል።»

«ሮጫለሁ።»

«ለምን?»

«አልናገርም።»

ዮስታይን ጠረጴዛውን ደበደበ። «ስማ አንተ! በአሥራ አምስት ዓመትህ የሰው የበዓል ቤት ሰብረህ ገብተህ አልነበረም?»

«ብርድ ነበር። ጀልባዬ ተገልብጣብኝ ነው የገባሁት። ለባለቤቱም ራሴ ሄጄ ነግሬዋለሁ።»

«አሁንስ ለማን ነው የምትነግረው?»

ልጁ ከንፈሩን ገጥሞ ግድግዳውን አየ። ቶራ ብዙ ውሸታም አይታለች። ውሸታም ሰው ሲጠየቅ ወሬ ይበዛበታል፤ ይኼ ግን አንዲት ትርፍ ቃል አልወጣውም። ያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ውኃ ከዳርቻው ሲሸሽ የሃልቫርድ የብር ሻማ ማቆሚያ ከእነ ቪዳር የጀልባ ቤት አጠገብ፣ ከድንጋዮቹ መካከል ተገኘ። ዮስታይን ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። ቶራ አላመነችም፤ ግን ልጁን ወደ ማረፊያ ክፍል አስገባችው።

«ነገ እኩለ ቀን» አለ በሩ ሲዘጋ። ለእሷ የነገራት አይመስልም።

*

አርንስታይን ሎደመል የሚኖሩት ከከተማው በላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ነጭ ቤት ውስጥ ነው። በሩን ከፍተው ቶራን ሲያዩ ፊታቸው ተፈታ።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ! ጫማሽን ተይው፣ አታውልቂ። በዚህ ቀን ስለ ወለል የሚያስብ የለም።»

ቶራ ከነጫማዋ መግባቱ ከበዳት፤ በሄልቪካ ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው። ሽማግሌው ግን እጇን ይዘው አስገቧት። እሳቸውም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የታሰረ ቆዳ ጫማ አድርገው ነበር።

«ሊወጡ ነበር?»

«ወደ ሃልቫርድ እኅት ልሄድ... ኋላ እሄዳለሁ።» ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ማሬን፣ ለቶራ ቡና ቅጅላት።»

ማሬን በሱፍ ካልሲ ከኩሽና ብቅ አለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ እንደ ቄሷ ዓይን ቀልቷል። ስኮትላንድ ሄዳ የባሕር እንስሳት ሳይንስ ልትማር ነበር ያመለከተችው። ሃልቫርድ የክርስትና አባቷ ነበሩ።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?» አለች ቶራ። «ሁሉንም ነው የምጠይቀው።»

«እዚሁ። የበረዶ ሸርተቴ ውድድሩን አይ ነበር። ማሬን ከመዘምራን ልምምድ ስትመለስ ወንበሬ ላይ ተኝቼ አገኘችኝ።»

«አዎ» አለች ማሬን። «ቀስቅሼ ነው ያስተኛሁት።»

«ውጤቱን ያውቁ ነበር?»

«ከስብሰባው ወጥቼ የለም እንዴ? ጉድሩን ናት ዛሬ በስልክ የነገረችኝ። ፊርማዬን ትፈልጋለች።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴት ብዬ ልፈርም? ወዳጄን ገድሏል ተብሎ ለታሰረ ልጅ? አንቺ ነጻ ነው በይኝ፣ አሁን እፈርማለሁ።»

ሰውዬው የልጅ ልጃቸው ተሸንፋ ሳለ ቂም አላወጡም፤ የጠየቁት ሕግ ነው። ቡናዋን ጠጥታ አመስግና ወጣች። ደጁ ላይ ረጅሙ የባንዲራ እንጨት ባዶውን ቆሟል።

*

በማግስቱ ጠዋት ቶራ ቄሷ ቤት ሄደች። ዝናቡ አላባራም። መተላለፊያው ላይ ጫማዋን ስታወልቅ በካልሲዋ ቀዳዳ አውራ ጣቷ ብቅ አለ።

«አይ ቶራ! የመንግሥት ደመወዝ ካልሲ አይገዛም?» አለች ጉድሩን። ሁለቱም የሳቁት በግዳቸው ነበር።

«ልጁ ዝም ብሏል። ጊዜው እየሄደ ነው።»

«አርንስታይንም አልፈርምም ብሏል። አልፈርድበትም፤ እሱም በቁሙ ሞቷል። እሁድ ዕለት ባንዲራ ሰቅሎ እንደነበር ሰምተሻል?»

«ለምን በዓል?»

«ለምንም! ሰው ሁሉ የማን ልደት ነው ብሎ ጠየቀው። ‹ማሬን የሁልዳን ዕድል አግኝታ ልትሄድ ነው› አለ። ለዳቦ ቤቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለመዘምራኑ ሁሉ። ውጤቱ ሳይነገር! እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እዚህ አገር ሰርቆ መታረቅ ይቻላል፤ ፎክሮ መዋረድ ግን መዳኛ የለውም።»

ቶራ መልስ ልትሰጥ ስትል ዓይኗ መተላለፊያው ላይ ወደቀ። ከጫማዋ ሥር የቀለጠ በረዶና ጭቃ ተንጣሎ ኩሬ ሠርቷል። ከበሩ እስከዚያ ድረስ ያለፈችባቸው ሦስት ርምጃዎች ሦስት ጥቁር ማኅተም ሆነው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጉድሩን» አለች ቀስ ብላ። «የሃልቫርድ ወለል ንጹሕ ነበር።»

«እንዴ፣ ሃልቫርድ መቼ ቤቱን አቆሽሾ...»

«አይደለም፣ ስሚኝ! ያን ማታ እንዲህ ይወርድ ነበር። ሌባው በበረንዳ ገብቶ ቤቱን በሙሉ አገላብጧል። አንዲት የጫማ ምልክት የለም። አንዲት!»

ቄሷ አፍጥጣ አየቻት።

«ጫማውን አውልቆ ነው የገባው» አለች ቶራ። «የምን ሌባ ነው መስታወት ሰብሮ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ? የእኛ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በጫማ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ ሌባ ለመምሰል ሲጣጣር እንኳ እግሩ እምቢ ያለው ሰው። ደሙ የእጅ አይደለም፣ ለዚህ ነው በጨርቅ የተዳበሰ የመሰለው። በካልሲ ነው የተረገጠው! ራሱ የሰበረውን መስታወት ረግጦታል።»

ስልኳን አውጥታ ዮስታይን ጋ ደወለች። «የቪዳርን ካልሲ አስወልቀህ የውስጥ እግሩን እይልኝ።»

«የምኑን?»

«እግሩን! የሁለቱንም!»

ስልኩ ውስጥ ማጉረምረም፣ በር መክፈት፣ ደግሞ ማጉረምረም ተሰማ። «ጭረት የለበትም» አለ ዮስታይን ቅሬታ ባዘለ ድምፅ። «ይሸታል እንጂ ደህና ነው።»

*

ጣቢያ ደርሳ ከቪዳር ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አንተ እንዳልሆንክ አውቄያለሁ» አለችው። «አሁን እንደ ፖሊስ አይደለም የምጠይቅህ። ሃልቫርድ ምን አሉህ?»

ልጁ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ከእናቴ በቀር ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ‹ነገ በአዳራሽ ይነገርሃል፤ ግን እናትህ በድንገት ሰው ፊት እንዳታለቅስ ዛሬ ንገራት› አሉኝ። ከተሰማ ሊቀ መንበርነታቸው ይነካል። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ደስ ብሎኝ ነው የሮጥኩት።»

«ለዚህ ብለህ ታሰርክ? ሞተዋል እኮ!»

«የማልኩት ሳይሞቱ ነው።»

ቶራ ተናደደች፣ ደግሞ አንጀቷን በላት። ወዲያውም አንድ ነገር ገጠመላት። ሃልቫርድ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ሰው በአደባባይ እንዳይደናገጥ የሚጠነቀቁ። ደስታውን አስቀድሞ የነገረ ሰው መርዶውንስ አስቀድሞ አይነግርም? ያውም ባንዲራ ሰቅሎ ለከተማው ላወራ ወዳጁ?

ትናንት የገባችበት ነጭ ቤት ትዝ አላት። ጫማሽን አታውልቂ ያሏት ሰው። በገዛ ሳሎናቸው የታሰረ ቆዳ ጫማ አድርገው፣ ቡና ለመቅዳት እንኳ ከወንበራቸው ያልተነሡት ሰው።

እኩለ ቀን እየቀረበ ነበር።

*

ቄስ ጉድሩን ወረቀቱን ይዛ አብራት ሄደች። በሩን ማሬን ከፈተችላቸው።

«ግቡ፣ ግቡ!» አሉ አርንስታይን ከውስጥ። «ጫማችሁን ተዉት!»

ቶራ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ጫማዋን አወለቀች። በተቀደደ ካልሲዋ ሳሎኑን አቋርጣ ከፊታቸው ቆመች።

«እርስዎም ያውልቁ።»

ሽማግሌው እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሳቡ።

«ምን አልሽኝ?»

«ጫማዎን። ሌባው በካልሲ ነበር፤ መስታወት ረግጧል። እግርዎ ደህና ከሆነ ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ።»

«እኔ አስተማሪሽ ነበርኩ!»

«ነበሩ።»

«አያቴ፣ ዝም ብለህ አሳያት» አለች ማሬን በቁጣ። «አሳያትና ትሂድ!»

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን አዩ። የቆዳ ወንበራቸውን መደገፊያ ጨምቀው ያዙ። ከዚያ አጎንብሰው የቀኝ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ፤ ጫማው ሲወጣ አቃሰቱ። እግራቸው አብጦ፣ ፋሻው በደም ደርቆ ካልሲው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ማሬን ወደ ኋላ ሸሸችና ግድግዳው ያዛት።

«ሃልቫርድ ጠራኝ» አሉ አርንስታይን። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው የረጋ ነበር። «‹በአዳራሽ በሰው ፊት እንዳትሰማው› አለኝ። ባንዲራዬን አይቷል። ትከሻዬን ያዘኝ። አዘነልኝ! ብልግና ቢናገረኝ እችለው ነበር። ማዘኑን አልቻልኩትም። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

«ከዚያ ወጥተው፣ በበረንዳ ዞረው መስታወቱን ሰበሩ።»

«አዎ። ሻማ ማቆሚያውን መንገዴ ላይ ባሕር ወረወርኩት። የነቪዳር ጀልባ ቤት እዚያ መኖሩን አላሰብኩም። ከታሰረ በኋላ ግን...» አልጨረሱትም።

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ብሏል» አለች ቶራ።

«አውቃለሁ። ይተነፍስ ነበር።»

ማሬን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ቶራ ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ ጉድሩን ወደፊት ተራመደች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ልጁ ነጻ ነው። ትናንት እፈርማለሁ ብለህ ነበር።»

አርንስታይን ሳቅ ሊባል የማይችል ሳቅ ሳቁ። «የእኔ ፊርማ አሁን ምን ዋጋ አለው?»

«ደንቡ የአባል ፊርማ ይላል። የጻድቅ ፊርማ አይልም።»

ሽማግሌው ብዕሩን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት። «ማሬን» አሉ። «ከፈረምኩ የአንቺን ዕድል በገዛ እጄ ሰጠሁት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያደረግኩት...»

«ለእኔ ነው እንዳትል!» ማሬን ከግድግዳው ተላቀቀች። ፊቷ ወረቀት መስሏል። «እኔ ባንዲራ ስቀልልኝ አላልኩህም። የክርስትና አባቴ ወለል ላይ ተኝቶ ሲተነፍስ መሳቢያ ስትዘረግፍ ነበር። ከዚያ መጥተህ ተኛህ፤ እኔ ብርድ ልብስ አለበስኩህ። ፈርም።»

«ልጄ...»

«ፈርም አያቴ። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለም።»

ቶራ ሕግ አስከባሪ ናት፤ ያን ሰዓት ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠበቀች። የብዕሩ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማት። ቄሷ ወረቀቱን ይዛ፣ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታስር፣ ወደ መኪናዋ ሮጠች።

*

ማረጋገጫው በሰዓቱ ደረሰ።

ቶራ የማረፊያ ክፍሉን በር ራሷ ከፈተች። ለቪዳር ሁሉንም ነገረችው፤ ማን እንደገደለ፣ ማን እንደፈረመ፣ ማን እንዳስፈረመ። ልጁ ጭንቅላቱን አቀርቅሮ አዳመጠ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «ሳላምንበት ነው የዘጋሁብህ።»

«እኔም አልተናገርኩም» አለ። ቀጥሎም፣ «ዕድሉ ከእሳቸው እጅ ነው የመጣው ማለት ነው?»

«ሃልቫርድና ጉድሩን ናቸው የመረጡህ። እሳቸው የፈረሙት ማሬን ፈርም ስላለቻቸው ነው።»

ወደ መውጫው ሲደርሱ ማሬን የጣቢያው እንግዳ መቀበያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። አያቷን ተከትላ መጥታ፣ እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ እዚያው ቀርታለች። ወደ ነጩ ቤት መመለስ አልቻለችም፤ ሌላ የምትሄድበት ቤት ደግሞ የላትም። ቪዳርን ስታየው ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

ዮስታይን ከባንኮኒው ጀርባ አንገቱን ደፋ። ቶራ ጣልቃ ልትገባ አንድ ርምጃ ሄዳ ቆመች።

ቪዳር ከማሬን አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ሁለቱም ወለሉን ያያሉ።

«እህል ከቀመስሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አላት።

«አላውቅም።»

«እናቴ ጣቢያው ደውላ ነበር፤ የዓሣ ሾርባ ሠርታለች። እንደምፈታ ስትሰማ ድስቱን በሙሉ ነው የሞላችው፤ እሷ ሲጨንቃትም ደስ ሲላትም መጠን አታውቅም።»

ማሬን ቀና ብላ አየችው። «እኔን ቤቷ ታስገባለች?»

«ጠረጴዛው ላይ ቦታ አለ» አለ ቪዳር፣ ተነሥቶ ጃኬቷን እያቀበላት። «ነይ፣ ሳይቀዘቅዝ እንድረስ።»